ኦቦ ገመቹና የፊቷ ኳስ

ኦቦ ገመቹ ማረፋቸውን የነገረችኝ ሱሉልታ ውስጥ ፑል ቤት ያላት አስካለ ናት። «ብርሃኑ፣ ኦቦ ገመቹ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። ቀብሩ ነገ ሰበታ ነው» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ሳትነግራቸው ይሄ ቢመጣ ኖሮ ምን ይውጥህ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ስልኩን ዘጋሁና የብየዳ መነጽሬን አውልቄ በጅምር ላይ ያለው የብረት በር ላይ ቁጭ አልኩ። አዝኛለሁ፤ ግን እውነቱን ለመናገር ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣልኝ እፎይታ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሞተው ቢሆን ኖሮ ቀብራቸው ላይ የምቆምበት ፊት አይኖረኝም ነበር።

ሙያቸው ሴራሚክ ማንጠፍ ነበር። ሱሉልታ ውስጥ ከጎጃም መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ቤቶች የብዙዎቹን ወለል ያነጠፉት እሳቸው ናቸው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ሰው ነበሩ። እኔ ሳውቃቸው ወደ ስልሳው ተጠግተዋል። ዕድሜ ልካቸውን ተንበርክከው ስለሠሩ ሲራመዱ ትንሽ ያነክሳሉ። ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ አንዲት አጭር ውሃ ልክ አትጠፋም ነበር። ቅዳሜና እሁድ የአስካለ ፑል ቤት ሲመጡ ሰላምታውን ሳይጨርሱ ውሃ ልኳን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። ውስጧ ያለችው አረፋ ከመሀል ከሸሸች ማንም አይጫወትም። ከጠረጴዛው እግር ሥር ካርቶን ይጎስራሉ፣ እንደገና ያያሉ፣ ካርቶኑን አውጥተው በቀጭን ይቀይሩታል። እኛ ስቲክ ይዘን እንቁነጠነጣለን።

«ሱታ» ይላሉ፤ በኦሮምኛ ቀስ በሉ ማለታቸው ነው። «ሱታ፣ ኢልማ ኮ። የተጣመመ ጠረጴዛ ላይ አሸንፈህ ምን ልትሆን ነው?»

ኢልማ ኮ ልጄ ማለት ነው። ሁላችንንም እንዲህ ነበር የሚጠሩን።

ራሳቸው ብዙም አይጫወቱም ነበር። የሚወዱት መደርደር ነው። ፑል የሚያውቅ ሰው እንደሚያውቀው ጨዋታው የሚጀመረው አሥራ አምስቱ ኳሶች በሦስት ማዕዘን ክፈፍ ተደርድረው፣ ክፈፉ ተነስቶ፣ አንደኛው ተጫዋች በነጯ ኳስ መትቶ ሲበትናቸው ነው። አብዛኛው ሰው ክፈፉን ገፋ አድርጎ፣ አንስቶ፣ «በል ምታ» ይላል። ኦቦ ገመቹ እንደዚያ አያደርጉም። ሱሉልታ ብርድና ጭጋግ አያጣትምና በመጀመሪያ ኳሶቹን አንድ በአንድ በደረቅ ፎጣ ይጠርጓቸዋል። ጥቁሯን መሀል ያስገባሉ። የፊቷን ኳስ ጨርቁ ላይ ከተሣለችው ነጥብ ላይ ልክ ያሳርፉና ሌሎቹን በሁለት እጃቸው ጣቶች ከኋላ ገፍተው ያጠጋጓቸዋል። ክፈፉን ሲያነሱ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ ይሉና የስልካቸውን መብራት ከኋላ ያበራሉ። በሁለት በተጠጋጉ ኳሶች መሀል ብርሃን ሾልኮ ከታያቸው ያፈርሱትና እንደገና ይደረድራሉ።

«አንዷ ጎረቤቷን ካልነካች ምቱ እሷ ጋ ይሞታል» ይሉ ነበር። «ከኋላ ያሉት ምን እንደተፈጠረ እንኳ አይሰሙም።»

እኔን ያስተዋሉኝ በመጥፎ ምት ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በርና መስኮት እየበየድኩ ክንዴ ጠንክሯል፤ መበተን ማለት ባለ በሌለ ኃይል መምታት ይመስለኝ ነበር። አንድ እሁድ እንደዚያ ስመታ ነጯ ኳስ ከጠረጴዛው ዘላ ወጥታ የለስላሳ ሣጥን ውስጥ ገባች። ጠርሙስ ተሰበረ። ሰው ሳቀ። ኦቦ ገመቹ ግን አልሳቁም። ኳሷን አንስተው ጠርገው መለሱልኝና፣

«አጥር እያፈረስክ ነው ወይስ ኳስ እየበተንክ?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ያስተምሩኝ ጀመር። ስቲኩን በጥንካሬ ሳይሆን በቀጥታ እንድልክ፣ ነጯን ከነካ በኋላም እጄ እንዳይቆም፣ የፊቷን ኳስ ሙሉ ፊቷን እንድመታት አሳዩኝ። ጥሩ ብሬክ ወይም መበተን ማለት ኳስ በየጉድጓዱ መግባቱ ብቻ እንዳልሆነም ከእሳቸው ነው የሰማሁት። «ሌሎቹ ሲበተኑ ነጯ መሀል ጠረጴዛ ላይ ቆማ ትጠብቅህ» ይላሉ። «ከዚያ ሁሉም ቦታ ቅርብህ ነው።» ነጯን አንዴ ከመሀል፣ አንዴ ከግራ ጥግ፣ አንዴ ከቀኝ ጥግ እያስቀመጡ ያስመቱኝ ነበር። «ጠረጴዛው ዛሬ የቱን እንደሚወድ ጠይቀው። ነገ ሌላ ይወዳል።» ጨርቁ በእርጥበት ሲከብድ ቀስ ብዬ፣ ሲደርቅ ጠንከር አድርጌ መምታት የለመድኩት ያኔ ነው። በዓመቱ ሱሉልታ ውስጥ እኔን የሚረታ ሰው ጠፋ።

በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ የሱሉልታ፣ የቡራዩና የሰበታ ፑል ቤቶች ውድድር ነበራቸው። ሽልማቱ አንድ ዋንጫና መያዣ ቦርሳ ያለው ስቲክ ነው። ከሽልማቱ ይበልጥ ግን የከተማ ክብር ነበርና ሰው ሚኒባስ ተከራይቶ ተጫዋቹን ተከትሎ ይመጣል። በዚህ ውድድር ማን ይደርድር የሚለው ሁልጊዜ ያጣላ ነበር። ጭቅጭቁን የፈታው አንድ ነገር ነው። አንድ ዓመት የእኛው የሱሉልታ ልጅ ከሰበታ ጋር ሲጫወት ድንቅ አድርጎ በተነና ሦስት ኳስ አስገባ። ቤቱ በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ። ኦቦ ገመቹ እጃቸውን አነሱና፣

«አይቆጠርም። ክፈፉን ሳነሳ የኋላዋ ኳስ ተንቀሳቅሳለች። ደርድሬ አልጨረስኩም ነበር» አሉ።

ማንም አላየም። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም ነበር። የሱሉልታ ሰው አጉረመረመ፤ አንዱማ ፊታቸው ላይ «አንቱ የማን ሰው ነዎት?» አላቸው። እሳቸው ኳሶቹን ሰብስበው መደርደር ጀመሩ። የእኛ ልጅ በድጋሚው ምንም አላስገባም፤ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ሰበታም ቡራዩም ከኦቦ ገመቹ ሌላ ደርዳሪ አልፈልግም አሉ። የሱሉልታ ሰው ሆነው ሦስቱም ከተማ የሚያምናቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ።

እኔ ለመጨረሻው ጨዋታ የደረስኩበት ዓመት ውድድሩን የማስተናገድ ተራው የሱሉልታ ስለነበር አስካለ ለጠረጴዛዋ አዲስ ጨርቅ ገዛች። ያለበሱት ኦቦ ገመቹ ናቸው። ሲጨርሱ ሁላችንን ሰብስበው አንድ ነገር ለመኑን። ስንደረድር አንዳንዴ ኳሷ ቦታዋ ላይ አልቆም ስትል በሌላ ኳስ ከላይ ቀጥቀጥ እናደርጋታለን። ያኔ ጨርቁ ሰርጎድ ይልና ኳሷ ትቆማለች። «ይሄን እንዳታደርጉ» አሉ። «አንዴ ከሰረጎደ ኳስ ሁልጊዜ እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ነው የምትቀመጠው። እኔም ልመልሳት አልችልም።»

ከውድድሩ በፊት በነበረው ሳምንት አስካለ ቤቱን በጠዋት ስትከፍት ከሥራ በፊት እየሄድኩ ብቻዬን እለማመድ ነበር። ኦቦ ገመቹ በሥራ ቀን አይመጡም። እኔ ስደረድር ኳሶቹ አይገጥሙልኝም። ሰዓቴ ይሄዳል፣ ብርዱ እጄን ያደነዝዘኛል። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ኳሶቹን በኳስ ቀጠቀጥኳቸው። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ። ስርጉዶቹ በዓይን አይታዩም፤ ጣትህን ስታሳልፍባቸው ነው የሚታወቁህ። ኋላ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የፊቷን ኳስ የቀጠቀጥኳት ከነጥቡ በጥፍር ውፍረት ወደ ቀኝ ነበር። ስለዚህ ኳሷ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ትንከባለልና ከግራ ጎረቤቷ ጋር ክፍተት ይፈጠራል። ከግራ ጥግ ስመታ ኳሶቹ ፍርፍር ይላሉ። ከቀኝ ስመታ ግን የፊቷ ኳስ ወደ ክፍተቱ ትገፋና ኃይሉ እዚያው ይቀራል።

የቡራዩው ተጫዋች ታሪኩ ዘወትር ከቀኝ እንደሚበትን አውቅ ነበር።

ለኦቦ ገመቹ መንገር ነበረብኝ። ስርጉዱን መመለስ ባይችሉም ጨርቁን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ሊወጥሩት ወይም ነጥቡን ሊያዛውሩት ይችሉ ነበር። «ብነግራቸው ይቆጡኛል» አልኩ ለራሴ። ያ ግን ሰበብ ነበር። ዋንጫውን ፈልጌው ነው።

የመጨረሻው ጨዋታ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቤቱ ጢም ብሎ፣ ሰው በመስኮት ጭምር ያያል። በውድድር ላይ ኳሶቹ መግጠማቸውን አይቶ የሚቀበለው መቺው ራሱ ነው። እኔ ከግራ በተንኩ፤ ሁለት ኳስ ገባልኝ። ታሪኩ ከቀኝ በተነ፤ ምንም። እንደገና እኔ ከግራ፣ እሱ ከቀኝ። ሦስት ለሁለት ስመራ የታሪኩ ተራ ደረሰ። እሱ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ትልቅ ሰው የሚያከብር መካኒክ ነው። ከመምታቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ኳሶቹን አየና፣ «ኦቦ ገመቹ፣ የፊቷ ክፍት ናት» አለ።

አዩት። ልክ ነው። አፈረሱና ደረደሩ። ክፈፉን ሲያነሱ የፊቷ ኳስ ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ሸሸች። እንደገና ጠርገው ደረደሩ። እንደገና ሸሸች። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ ሸሸች። ከቡራዩ ከመጡት አንዱ ከኋላ፣ «ለራሳቸው ልጅ ሲሆን ይገጥምላቸዋል» አለ። ለእኔም ገጥሞ አያውቅም፤ ክፍት መሆኑን እያየሁ «እሺ ነው» እያልኩ ነበር የምመታው። ይህን ከእኔ በስተቀር የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ ስቲኬን ጠመኔ እየቀባሁ ወለሉን እመለከት ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎ ከውድድሩ የወጣው የሰበታው ተጫዋች «እስቲ እኔ ልሞክር» ብሎ ገባ። ሰውየው ጥንቃቄ የለውም፤ ክፈፉን ከነጥቡ አንድ ጣት ያህል ወደ ፊት አድርጎ ደረደረው። ከስርጉዶቹ ውጭ ሆነ። ኳሶቹ ግጥም አሉ።

ኦቦ ገመቹ ልክ ነጥቡ ላይ ስላሳረፉ ነው ያልገጠመላቸው፤ ያ ግን ለማንም አልታየም። የታየው የሰበታው ሰው በአንድ ጊዜ የሠራውን እሳቸው ሦስት ጊዜ ሞክረው እንዳቃታቸው ነው። ታሪኩ ድምፁን ሳያነሳ፣ «አንቱን አምነን ነበር የመጣነው» አላቸው።

ኦቦ ገመቹ ጠረጴዛውን፣ ከዚያ እጆቻቸውን አዩ። «ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉና ፎጣቸውን አጥፈው ጠርዙ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ጨዋታው ቀጠለ። እኔ አምስት ለሦስት አሸነፍኩ፤ ሰው ተሸከመኝ፤ ዋንጫውን ይዤ ፎቶ ተነሳሁ። ፎቶውን እስከ ዛሬ ማየት አልችልም።

በወሩ ኦቦ ገመቹ ቤታቸውን አከራይተው ልጃቸው ጫልቱ የምትኖርበት ሰበታ ሄዱ። ቡራዩ ላይ «አጭበርባሪ ነበሩ» ተባለ። ሱሉልታ ላይ «አርጅተዋል» ተባለ። እኔ ምንም አላልኩም። በዓመቱ ጨርቁ ተቀየረ፤ ስርጉዱም አብሮ ጠፋ። ውድድሩም ደርዳሪ የሚስማሙበት አጥቶ ቀረ። ለራሴ፣ «ያጡት የእሁድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ሥራቸው አለ፣ ልጃቸው አለች» እያልኩ አራት ዓመት አለፈ።

ከዚያ ሰበታ የግቢ በር ልገጥም ሄድኩ። ቤቱ አዲስ ነው፤ ወለሉ ግን ግማሹ ሲሚንቶ ነው። ሴራሚክ አንጣፊው ሥራውን አበላሽቶ እንደጠፋ ባለቤትየው በምሬት አወሩኝ። «እዚህ ጎረቤቴ ታዋቂ አንጣፊ የነበሩ ሽማግሌ አሉ፤ ስንቴ ለመንኳቸው። ዓይኔ አይታመንም ብለው እንቢ አሉኝ። ሙሉ ቀን በር ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት።»

«ማን ይባላሉ?» አልኩ።

«ኦቦ ገመቹ።»

መሣሪያዬን እንደያዝኩ ሄድኩ። እውነትም በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «ብርሃኑ፣ አካም ጅርታ? አስካለ እንዴት ናት? ክንድህ እንዴት ነው? አሁንም አጥር ታፈርሳለህ?» እጄን ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ የኩሽናው ወለል ግን ባዶ ሲሚንቶ ነበር። የሴራሚክ አንጣፊ ቤት ስለሆነ ገረመኝ።

«ለምን ሥራ ተዉ?» አልኳቸው።

«ያን ቀን አላየህም? ሦስት ጊዜ ደርድሬ ሦስቱንም ክፍት አደረግሁት። የሰበታው ሰው አንዴ ሞክሮ ገጠመለት። ኳስ እንኳ መግጠም ያቃተው ዓይን እንዴት የሰው ቤት ወለል ይሠራል?»

ልጃቸው ጫልቱ ከጓዳ፣ «ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው ነበር። ዓይናቸው ደህና ነው አለ። አያምኑም» አለች።

«ሐኪሙ ፊደል ነው ያስነበበኝ» አሉ ኦቦ ገመቹ። «እኔ ፊደል አይደለም የምደረድረው።»

ይህን ሲሉ እየቀለዱ ነበር። እኔ ግን ያጡት የእሁድ ጨዋታ ብቻ ነው ብዬ ነበርኮ። ሰውየው ዓይናቸውንም እጃቸውንም ማመን ትተዋል፤ አራት ዓመት ሙሉ ልጃቸው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ነው የምታበስለው።

ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው ጠዋት ጀምሮ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ቀጠቀጥኩት ኳስ፣ ከግራ ስለመምታቴ፣ ዝም ስለማለቴ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ስጨርስ የጠየቁኝ ያልጠበቅሁትን ነው።

«የፊቷ ወደ የት ነበር የሄደችው?»

«ወደ ቀኝ።»

«ምን ያህል?»

«የጥፍር ውፍረት።»

«የሰበታው ሰውዬ ሲደረድር ከነጥቡ ፊት ነበር ያደረገው?»

«አዎ። አንድ ጣት ያህል።»

«ዱጋ?» አሉኝ፤ እውነትህን ነው ለማለት።

«እውነቴን ነው፣ ኦቦ።»

ተነስተው ወደ ግቢ ወጡ። አንድ ቃል ሳይጨምሩ የሚያባርሩኝ መሰለኝ። በመስኮት ሳይ እጃቸውን ፊታቸው ፊት ዘርግተው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያያሉ። ሲመለሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ግን ፊታቸው ሌላ ነው፤ ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነው።

«ጫልቱ፣ ሰማሽ?» አሉ። «ዓይኔ ደህና ነበር። ኳሷ በእውነትም ትሸሽ ነበር። እኔ ያየሁት ልክ ነው።»

ጫልቱ ግን እያየች የነበረው እኔን ነው፤ አስተያየቷ ምሕረት የለውም። ኦቦ ገመቹም ወደ እኔ ዞሩና ፈገግታቸው ጠፋ። «አራት ዓመት፣ ብርሃኑ» አሉ። ከስድብ ሁሉ ይበልጥ ያ ቃል አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ፣ «ለታሪኩ ነግረኸዋል?» አሉኝ።

«አልነገርኩም።»

«እሁድ ቡራዩ እንሄዳለን። ዋንጫውን ይዘህ ና።»

እሁድ ጠዋት ዋንጫውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከሱሉልታ ሰበታ ሄድኩ፤ ከዚያ ከእሳቸው ጋር በዓለም ገናና በአየር ጤና አድርገን ቡራዩ ደረስን። ታሪኩ ፑል ቤት ውስጥ ነበር፤ ኦቦ ገመቹን ሲያይ ጨዋታውን አቆመ። የማያውቁኝም ጭምር እንዲሰሙ ቆሜ ተናገርኩ። ስጨርስ ዋንጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ማንም አልነካውም።

ታሪኩ እኔን አላየኝም። ቀጥ ብሎ ኦቦ ገመቹ ፊት ሄዶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ተው። የታመመውን ጉልበቴን ነው የምትስመው» አሉት።

«አጭበርባሪ ሲሉዎት ሰምቼ ዝም ብያለሁ» አለ ታሪኩ። «ይቅር ይበሉኝ።»

«ያየኸውን ነው የተናገርከው። ክፍት ነበረች፤ ክፍት ናት አልክ። ስለዚህ እኔና አንተ ሁለታችንም ልክ ነበርን።»

ከዚያ ታሪኩ ክፈፉን አንስቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ኦቦ ገመቹ ተቀበሉት፤ ወዲያው ግን አልጀመሩም። ኳስ ከነኩ አራት ዓመታቸው ነው። ከአንዱ ፎጣ ተቀብለው አሥራ አምስቱንም ጠረጉ። ደረደሩ፣ ገፉ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ክፈፉን አነሱ። ታሪኩ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዶ ነጯን አስቀመጠ። ቀርቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ገጥሟል አልገጠመም ብሎ አላየም። ዝም ብሎ መታ። አሥራ አምስቱ ኳሶች ጠረጴዛውን ሞሉት። አራት ገቡ። ነጯ መሀል ላይ ቆመች።

ኦቦ ገመቹ ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ደህና ነው» አሉ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ልንወጣ ስንል ታሪኩ በር ላይ አስቆመኝ። «ካንተ ጋር ገና ነን» አለኝ። ዋንጫውን ግን አስቀረው።

በሳምንቱ ኦቦ ገመቹ ደወሉልኝ። «ቅዳሜ ሥራ አለህ? የጫልቱን ኩሽና ላነጥፍ ነው። የሚንበረከክ ሰው ያስፈልገኛል።» ሁለት ቅዳሜ አብሬያቸው ዋልኩ። ሲሚንቶ አቦካሁ፣ ሴራሚክ አቀበልኩ፣ ኋላ ላይ ራሴም አነጠፍኩ። ጉልበቴ አብጦ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ስለ ጥፋቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሱት፤ ምሳ ስንበላ ነበር። «ከቡራዩ ከተመለስን በኋላ ሦስት ቀን በጣም ተቆጥቼብህ ነበር» አሉኝ። «አራተኛው ቀን ሴራሚኩ መጣ። ሳራግፍ ረሳሁት።» ከዚያ ወዲህ የጎረቤታቸውን ወለልም ጨረሱ፤ እስኪታመሙ ድረስ ሥራ አላቋረጡም። ታመው የተኙት አሥራ አምስት ቀን እንኳ አይሞላም።

ቀብራቸው ላይ ከሦስቱም ከተማ ሰው መጣ። ከቡራዩ በሁለት ሚኒባስ ነው የመጡት፤ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ታሪኩ ነበር። ከቀብር መልስ ውሃ ላመላልስ ወደ ጫልቱ ኩሽና ስገባ እሱ በር ላይ ቆሞ ወለሉን ያያል። እስከዚያ ቀን ለሰላምታ ብቻ ነበር የምንነጋገረው።

«ይሄን እሳቸው ናቸው የሠሩት?» አለኝ።

«እሳቸውና እኔ።»

«ያንተ የትኛው ነው?»

ከበሩ አጠገብ ያለችውን አሳየሁት። አንድ ጥግዋ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ስትረግጣት ይታወቅሃል። ነቅዬ ላስተካክላት ስል ኦቦ ገመቹ፣ «ተዋት፤ የአንተ ሥራ መሆኑ ይታወቅ» ብለው ከልክለውኝ ነበር። ይህን ስነግረው ታሪኩ ጫማውን አውልቆ በካልሲው ጥግዋን ረገጠና ሳቀ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን በነጠላው ሸፈነ። እኔም ሳቄ መጣ። ከዚያ ጀሪካኑን በአንድ ጎን እሱ፣ በአንድ ጎን እኔ ይዘን ለእንግዶቹ ውሃውን አወጣን።